«ይወጣል» ያልኳት ሴት

በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ቀን የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ አንድ በርጩማና አንድ ቁልል ካርድ ሰጥታ በሴቶች ተመላላሽ ክፍል በር አጠገብ አስቀመጠችኝ። ሥራዬ ሴቶቹን ስለ ወር አበባቸው ጠይቆ መመዝገብ ነበር። «ይበዛብሻል?» እላለሁ። «ደህና ነው» ይላሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ካርዱን ሁሉ «ደህና» በ«ደህና» አደረግሁት።

ማትሮኗ ካርዶቹን አገላብጣ ሳቀች። «ሆሳዕና ውስጥ ደም የሚበዛባት ሴት የለችም ማለት ነው? ልጄ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ሲፈሳት የኖረች ሴት ብዙውን ከትንሹ በምን ትለየዋለች? በቀን ስንት ጊዜ ትቀይሪያለሽ በያት። የረጋ ደም ይወርድሻል ወይ፣ በዚያ ሳምንት ገበያ ትወጫለሽ ወይ በያት።»

ከሰዓት በኋላ እንደነገረችኝ ጠየቅሁ። «ደህና ነው» ካሉኝ መካከል አምስቱን ከግቢው ሳይወጡ መልሼ አስጠራኋቸው። ማትሮኗ አሁን በሕይወት የለችም፤ አፈሩ ይቅለላት። ለሷ ያለኝ ምስጋና ዛሬም አላለቀም።

በዚያ ዘመን በእጃችን የነበረው ደም የሚተካ የአይረን ኪኒንና ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ነበር። እያደር አልትራሳውንድ መጣ፣ የሚፈሰውን ደም የሚቀንስ ኪኒን መጣ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሆርሞን ያለው ሉፕ መጣ። ደም የሚያበዛውን የማህፀን ዕጢ ለይቶ የሚያወጣ፣ ማህፀኑን የሚያተርፍ ሐኪምም አገኘን። መሣሪያው እየተሻሻለ ሲሄድ የኔ አፍ ግን እዚያው ቆሞ ነበር።

አባቴ አስተማሪ ሆኖ ከሰሜን የመጣ ነው። እኔ እዚሁ ሆሳዕና ተወልጄ አድጌ ሀዲይኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ይህን ባልናገር ደስ ባለኝ። ክፍላችንን የምታጸዳው እትዬ አማረች ግን ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች። ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ሐኪሙንም ቢሆን አታፍርም።

ረዲያ የመጣችው ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ነው። ጃጁራ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ፣ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት ናት። ከባሏ ከኑሪ ጋር ስምንት ዓመት ኖራ አልወለደችም። የዓይኗን ሽፋን ወደ ታች ስስበው ከደም ማነስ ውስጡ ነጭ ሆኗል። በወር አበባዋ ሰሞን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ የታጠፈ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ትሸጣለች፤ ገበያው እስኪበተን ከመቀመጫዋ አትነሳም። ይህን የነገረችኝ የማትሮኗን ጥያቄ ስለጠየቅኋት ነው።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ብርቱካን የሚያህል ዕጢ አየ። ካንሰር እንደማይመስል፣ ግን ወደ ማህፀኗ ውስጥ ገፍቶ ስለገባ ደሙን የሚያበዛው እሱ እንደሆነ ነገረኝና «ሲስተር፣ አስረጂያት» አለኝ። ውጭ ወረፋው እስከ ግቢው ዛፍ ደርሷል። አማርኛ ትችላለች ብዬ አስተርጓሚ አልጠራሁም።

«ኪኒን አለ፣ ሉፕ አለ፣ ኦፕራሲዮን አለ» አልኳት። «ላንቺ የሚሻለው ኦፕራሲዮን ነው። ዕጢው ይወጣል። ካልሆነም ማህፀን ይወጣል። ገባሽ?»

«ገባኝ ሲስተር» ብላ ወጣች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ! ብዙም ሳይቆይ እትዬ አማረች መወልወያዋን በሩ ላይ አስደግፋ ገባች። «ያቺ ልጅ አትመለስም። ለባሏ በሀዲይኛ ምን እንዳለች ሰማሁ። ‘እንደ አክስቴ ማህፀኔን ሊያወጡት ነው’ አለች። ምን ብለሻት ነው?»

ጋዋኔን እንደለበስኩ ከእትዬ አማረች ጋር በባጃጅ ወደ መናኸሪያው ሄድን። ረዲያን ከባሏ ጋር፣ የጃጁራው መኪና እስኪሞላ አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጣ አገኘናት። ስታየኝ ልትነሳ ብላ መልሳ ተቀመጠች።

«አክስቴ ማህፀኗ ወጥቶባት ከጓዳ ሳትወጣ ኖረች» አለችኝ። «በእግሮቿ መካከል ወርዶ። እኔን ደግሞ እናንተ በቢላዋ ልታወጡብኝ ነው?»

ማህፀን ወጣ ሲባል ለሰው ሁሉ ከቦታው ተንሸራቶ ወረደ ማለት ነው። እኔ ቃሉን ስንት ዓመት ለሴቶች ተናግሬዋለሁ! «ገባኝ» ብለው ሄደው ያልተመለሱት ሴቶች ፊት እየመጣ ታየኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን ሴቶቹን እንቆጣ ነበር፤ መድኃኒቱን የደበቅነው እኛው ነበርን።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ እትዬ አማረች ነገሩን ተቀበለችኝ። በሀዲይኛ ተናግራ ለኔ በአማርኛ ደገመችልኝ፦ «ቅቤ ውስጥ ጠጠር ብታገኚ ጠጠሩን ትለቅሚያለሽ እንጂ ቅቤውን ትደፊያለሽ?» ረዲያ ፈገግ አለች።

እኔም ቀስ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ኪኒኑ የወር አበባዋ ሲመጣ ደሙን ይቀንሳል፣ ዕጢውን ግን አያጠፋም። ሉፑ ውስጧ እያለ ስለማታረግዝ ልጅ ለምትፈልግ አይሆንም፤ በዚያ ላይ ዕጢው ቦታውን ይዞበታል። ማህፀንን በሙሉ ማንሳት ወልዳ ለጨረሰች፣ ፈቅዳ ለመረጠች ነው። ለሷ ዕጢው ብቻ ቢነሳ ማህፀኗ ይቀራል።

«አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም» አልኳት። «ደሙ አልቆም ካለ ነፍስሽን ለማትረፍ ሐኪሙ ማህፀንሽን ሊያነሳው ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ግን ይደርሳል።»

ረዲያ ወደ ባሏ ዞረች። ኑሪ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ልጅ ከመጣ እሰየው» አለ። «አንቺ መጀመሪያ ቁሚ።»

መኪናው ሞልቶ ያለነሱ ሄደ።

አይረን እየወሰደች ደሟ ከፍ እስኪል ሁለት ወር ጠበቅን። የኑሪ ወንድሞች ደም ሰጡ። ከኦፕራሲዮን ክፍል ስትወጣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ምን ቀረ?» አለች።

«ማህፀንሽ ቀርቷል» አልኳት። እትዬ አማረች ኮሪደሩ ላይ እልል አለች፤ እኔም ሥራ ላይ መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ።

ረዲያ እስካሁን አልወለደችም። ባለፈው ጃጁራ ሄጄ ገበያው ውስጥ ሳያት ግን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ቆማ ትሸጥ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠችውን ነጋዴ እያሳየችኝ «ይቺን ይዣት እመጣለሁ» አለችኝ። «ደህና ነኝ ትላለች። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትቀይር ጠየቅኋት።»

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። «ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «ገባኝ» ይላል። ምን እንደሚነሳና ምን እንደሚቀር እሷ በራሷ አፍ ትንገራችሁ። እስክትነግራችሁ ድረስ አላስረዳችሁም።