ፈሪው ጋኔን አስወጪ

ሚኒያፖሊስ አየር ማረፊያ ደርሼ «ጥገኝነት እጠይቃለሁ» ባልኩበት ቀን፣ ሳይመሽ እጄ ከወገቤ ጋር በሰንሰለት ታስሮ በቫን ተወሰድኩ። ጥፋት የለብህም፣ ደንቡ ነው አሉኝ። የገባሁበት ክፍል ሁለት አልጋ፣ የብረት መጸዳጃና በሩ ላይ መዳፍ የምታህል መስኮት ነበረው። አዲስ አበባ ከታሰርኩበት ምርመራ ክፍል ጋር ሲተያይ ሆቴል ነው። በሩ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ግን ያው ነው፤ ግድግዳውን ያዝኩ።

አብረውኝ የታሰሩት ሰው ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሪችፊልድ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው የተበላሸባቸው የአዲስ አበባ ልጅ ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር።

የጥገኝነት ቃለ መጠይቁ ላይ ጠያቂዋ «በአገርህ እስር ቤት ምን አደረጉህ?» ስትለኝ «መቱኝ» ብቻ አልኳት፤ የቀረውን አፍሬ ዋጥኩት። ወደ አገሩ ይመለስ ተባለ። የቀረኝ ዳኛ ፊት መቅረብ ብቻ ነበር፤ እዚያም ዝም ካልኩ ገራፊዎቼ እጅ እገባለሁ።

ችሎቱ ነገ ሊሆን፣ ከምሳ በኋላ በር ተቆልፎብን፣ ከመጻሕፍት ጋሪው ያነሳሁትን ማንጋ፣ የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ፣ አገላብጥ ነበር። ጋሼ የመናፍስቱን ሥዕል ሲያዩ ከአልጋቸው ተነሡ።

«በስመ አብ! ይሄን ነገር ወደ ጋሪው ሪተርን አድርግልኝ።»

«ቀልድ እኮ ነው ጋሼ።»

«በጋኔን ይቀለዳል እንዴ?»

አሳየኋቸው። ጋኔን አስወጪው ራሱ ፈሪ ነው። መንፈሱን ሲያይ ሮጦ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ መንፈሱም እሱን ፈርቶ እዚያው ተደብቋል። ተቃቅፈው ይንቀጠቀጣሉ። ጋሼ ሳይወዱ ሳቁ። ቀጥሎ አስወጪው መንፈሱን «ማን ነህ?» እያለ ሲመረምር ያለውን አነበብኩላቸው።

«ይሄማ የኛው ነው» አሉ። «እህቴን ጸበል ሳመላልስ ቄሱ እንዲሁ ነበር የሚጠይቁት። ማን ነህ? የት ያዝካት? ምን አደረግካት? ሳይለፈልፍ አይወጣም።»

ትንሽ አዩኝና ኩባያቸውን ውኃ ሞሉ። «ና እስቲ፣ አንተ ጋኔኑን ሁን።»

እየሳቅኩ ጥጉ ላይ ቆምኩ። ውኃውን ፊቴ ላይ ረጩት።

«ማን ነህ?»

«እርኩስ መንፈስ።»

«ይሄን ልጅ የት ያዝከው?»

ሳቄ ጠፋ። «ምርመራ ክፍል።»

«ምን አደረግከው?»

ውኃው ከአገጬ ይንጠባጠባል። ልውጣ ብል በሩ ቁልፍ ነው።

«ተናገር!» ብለው ጮኹ።

«ሰቀልኩት» አልኩ። ድምፁ የኔ አይመስልም። «እጁን ወደ ኋላ አስሬ፣ ትከሻው እስኪወልቅ ሰቀልኩት። ራሱ ላይ ሲሸና ሳቅኩበት።»

በሩ በጡጫ ተደበደበ። የጠባቂው ዓይን መስኮቷን ሞላት። ተደባድበዋል ካለ ለብቻዬ ይዘጋብኛል፣ ችሎቱም ያመልጠኛል። ጋሼ መጽሐፉን ከፍ አድርገው አሳዩት።

«ኖ ፋይት፣ ሰር። ሪዲንግ። ፈኒ ቡክ።»

እርጥብ ፊቴን አየ፤ መጽሐፉን አየ። «ኪፕ ኢት ዳውን»፣ ድምፅ ቀንሱ፣ ብሎ ሄደ።

ጋሼ ፎጣ አቀበሉኝ። እያለቀሱ ነበር። «ነገም እንዲሁ ለፍልፍ» አሉኝ።

በማግስቱ ዳኛዋን በስክሪን፣ አስተርጓሚውን በስልክ አገናኙኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። አስተርጓሚው አፍሮ ይሁን አዝኖልኝ፣ ስለ ሽንቱ ያልኩትን ዘለለው። እንግሊዝኛዬ ለዚያ ይበቃ ነበር። ሰንሰለቱ እስከፈቀደልኝ ድረስ እጄን አነሣሁ። አንድ ነገር ቀርቷል አልኩና ራሴ ሞላሁት። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ውሳኔ ተሻረ።

ከችሎት ስመለስ የጋሼ አልጋ ባዶ ነበር። ወደ አገር መልሰዋቸዋል። ኩባያቸው ወለሉ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አጥቤ አልጋቸው ላይ አኖርኩት።

ዛሬ ከእስር ተፈትቼ፣ እዚያው ሚኒያፖሊስ አጠገብ ብሩክሊን ሴንተር አረጋውያንን እየጦርኩ እኖራለሁ። በር በኃይል ሲዘጋ አሁንም ግድግዳ እይዛለሁ። ያኔ ባለሁበት ቆሜ፣ ፍርሃቴን በጋሼ ድምፅ ቀስ ብዬ እጠይቀዋለሁ፦ «ማን ነህ?»