ከዶና ቤርታ እስከ ነአኩቶ ለአብ

ሰኞ፤ ከአሰብ መነሻ

ከአሰብ የተነሣሁት በኅዳር ወር፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የጫነኝ የፋብሪካ ዕቃ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስድ ባለ ተሳቢ መኪና ሲሆን ሾፌሩ ሐሰን የሚባል የባቲ ሰው ነው። ከቀበሌዬ ያወጣሁት የይለፍ ወረቀት «ለቤተሰብ ጉዳይ» ይላል። ውሸት የለበትም፤ ቤተሰቡ የእኔ አለመሆኑ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሠይፉ፣ ትውልዴ ሐይቅ፣ ሥራዬ የመርከብ ሞተረኛ ነው። ዶና ቤርታ በምትባል ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ላይ፣ ማርጀት ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ ለቁርጥራጭ ብረት እስከ ተሸጠችበት ቀን ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በመጨረሻው ጉዞዋ ላይ ካፒቴኑ «የምትፈልጉትን ውሰዱ፤ ከእንግዲህ ባለቤት የላትም» ሲለን ጓደኞቼ የግድግዳ ሰዓትና የናስ ፋኖስ ነቃቀሉ። እኔ ግን ከካፒቴኑ ክፍል በላይ ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ መርከቧ የጣልያኖች ከነበረችበት ዘመን የቀሩ የጉዞ መዝገቦች አገኘሁ። ጣልያንኛ ምጽዋ ጋራዥ ስሠራ ለምጃለሁ። እያገላበጥሁ ሳለሁ አንድ ገጽ ላይ «ላሊበላ» የሚል ቃል አየሁ።

ገጹ ታረቀኝ የሚባል የላሊበላ ሰው ከሚስቱ ከዘነቡ ጋር ኢየሩሳሌም ለመሳለም ሲጓዝ፣ ቀይ ባሕር ላይ በንዳድ ሞቶ ባሕር መቀበሩን ይናገራል። ሚስቱም ያን ጊዜ ታማ በሕሙማን ክፍል ተኝታ ነበር። ገጹን ከመዝገቡ ቀድጄ በጃኬቴ ኪስ ከተትሁ። ሴቲቱ በሕይወት ካለች ባሏ እንዴት እንዳረፈ ማወቅ አለባት፤ ስነግራት ደስ ይላታል ብዬም አልተጠራጠርሁም።

ማክሰኞና ረቡዕ፤ በረሃውና ወልድያ

እስከ ሚሌ ያለው መንገድ የሚያልቅ አይመስልም። ድንጋዩ ጥቁር፣ ንፋሱ የእቶን ነው። ሐሰን ግን ሲያፏጭ ይውላል። ሚሌ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋ በልተን ከመኪናው ሥር ጥላ ውስጥ ተጋደምን።

«መርከብ ይሻላል መኪና?» አለኝ።

«መርከብ። መርከብ ላይ ጎማ አይፈነዳም።»

«መኪና ላይ ደግሞ አይሰጠምም» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ከባቲ በላይ አየሩ ቀዘቀዘ። ኮምቦልቻ ከሐሰን ጋር ተሰነባብተን በሦስት ብር አውቶቡስ ተሳፍሬ ወልድያ ገባሁ። ከኬላው ላይ አንድ ካድሬ ኪሴን ሲፈትሽ ያችን ገጽ አወጣት።

«ይህ ምንድን ነው፣ ጓድ? የውጭ ጽሑፍ ነው።»

«ጣልያንኛ ነው። የአንድ ሰው መርዶ ነው።»

«አንብበው።»

እዚያው ቆሜ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው መንገደኛ ሁሉ እየሰማ፣ ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁለት። አንዲት የዶሮ ቅርጫት የያዙ ሴትዮ «ነፍሱን ይማር» አሉ። ካድሬው ወረቀቱን ራሱ አጥፎ ኪሴ መለሰልኝና «እለፍ፤ መንገዱን ያቅናልህ» አለኝ።

ሐሙስና ዓርብ፤ ወደ ላስታ

ከወልድያ ወደ ምዕራብ ያለው ዳገት ለእኔ ለባሕር ሰው ጉድ ነው። መኪናው ከድልብ በላይ በቀጭኑ መንገድ ሲጠማዘዝ፣ ታች የቀረው አገር ደመና ለብሶ ውቅያኖስ ይመስላል። ጋሸና ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ገብስ እየታጨደ ነው፤ በሬዎቹ በየአውድማው ይዞራሉ። በሦስት ብር አልጋ ይዤ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ አደርሁ።

በማግስቱ ከፍላቂት ገብስ ጭኖ ወደ ላሊበላ የሚወርድ መኪና አገኘሁና ከጆንያው ላይ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙሉ ቀን ፈጀብን።

ላሊበላ ጭር ብላለች። አስጎብኚ የነበሩት ጎልማሶች ቱሪስት ስለ ቀረ ከፊሎቹ ወደ እርሻ፣ ከፊሎቹ ወደ እንጨት ሥራ ገብተዋል። ስለ ታረቀኝ የጠየቅሁት የመጀመሪያው ሰው «የኢየሩሳሌሙ ታረቀኝ?» ብሎ ልጁ ቤት ድረስ ወሰደኝ።

ልጁ ካሳው ይባላል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ከበሩ ደጃፍ ተቀምጦ የእንጨት መስቀል ይቀርጻል።

«የታረቀኝ ልጅ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። አባቴን ያውቁታል?»

«እሳቸውን እንኳ አላውቃቸውም። የተሳፈሩባት መርከብ ላይ ሠርቻለሁ።»

መስቀሉን ጥሎ ብድግ አለና አቀፈኝ። «ታዲያ መቃብሩን አይተውታል? ኢየሩሳሌም ደርሰዋል?»

«ኢየሩሳሌም አልደረስሁም» ብቻ አልሁት። የካሳው ሚስት የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ጠላም አቀረበች። ካሳው ስለ አባቱ ማውራት አላቆመም። በዚህ አገር ኢየሩሳሌም የተቀበረ እሱ ብቻ ነው። በማኅበር ካሳውን ከእድሜ እኩዮቹ በላይ ያስቀምጡታል። የሚስቱ አባት እንኳ «ለቅድስት አገር ሰው ልጅ አልነፍግም» ብለው ነው የዳሩለት። እኔ እንጀራውን እየጠቀለልሁ ኪሴን እዳስሳለሁ። ከአሰብ እስከዚያ ድረስ ደስታ ተሸክሜ የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

«ለእናትህ መልእክት አለኝ» አልሁት በመጨረሻ። «ከሳቸው ጋር መነጋገር አለብኝ።»

ቅዳሜ፤ ነአኩቶ ለአብ

እናቱ መንኩሰዋል። ወይዘሮ ዘነቡ የሚለው ስም ቀርቶ እማሆይ ተብለው ነአኩቶ ለአብ ገዳም አጠገብ በአንዲት ጎጆ ይኖራሉ። ከላሊበላ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ በድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል። እማሆይ ከጎጇቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው።

«ይህ ሰው ከመርከቧ ነው የመጣ» አለ ካሳው።

«ከየትኛዋ?»

«ዶና ቤርታ» አልሁ።

«ነጯ?»

«ነጯ፣ እማሆይ።»

ፊታቸው በራ። «ምጽዋ ስንደርስ መሽቷል። መብራቷ ሲታየኝ ከተማ መሰለኝና ታረቀኝን ‹መርከቧስ የታለች?› አልሁት። ‹ይችው አለች፣ ደጃፏ ቆመሽ› አለኝ። እኛ ከታች ነበርን፣ ከሦስተኛው ማዕረግ። ከላይ ከላይ ሙዚቃ ይመታል። ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሴቶች ቁልቁል ሲያዩን አያለሁ። አሁንስ ወዴት ናት?»

ነገርኋቸው። ሰው ሁሉ በአውሮፕላን መሄድ ሲጀምር ጣልያኖቹ ሸጧት። የገዛት ግሪካዊ ሌላ ስም ጻፈባት፤ የድሮው ፊደል ግን ከቀለሙ ሥር ጎልቶ ስለሚታይ እኛ በአዲሱ ስሟ ጠርተናት አናውቅም። ጥቂት ዓመት ሐጃጆችን ወደ ጂዳ አመላለሰች። ከዚያ ክፍሎቿ ተነቃቅለው በግ ትጭን ጀመር።

«በጎቹ የት ይተኛሉ?»

«ከሙዚቃው አዳራሽ ውስጥ።»

እማሆይ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ሁለት ዓመት አሰብ ፊት ለፊት እንደ ተገተረች፣ ዝገቱ ነጩን ቀለም እንደ በላው ነገርኋቸው። በመጨረሻ ፓኪስታን ከሚገኝ የመርከብ ማፍረሻ ዳርቻ ወሰድናት። ባሕሩ በሞላበት ሰዓት በሙሉ ኃይሏ ወደ አሸዋው ነዳናት። እኔ ከሞተሩ ክፍል ሆኜ ሆዷ አሸዋውን ሲፍቅ ሰማሁ። ሞተሯን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን መዶሻና የእሳት መቁረጫ የያዙ ሰዎች እንደ ጉንዳን ወጡባት።

«አይ ዕድሜ» አሉ እማሆይ። ቀጥለው «ካሳው፣ ለእንግዳው ጠበል አምጣለት» ብለው ልጃቸውን ወደ ዋሻው ላኩት። ራቅ ሲል ዐይናቸውን ተከሉብኝ። «ይህን ልታወራኝ ብቻ አልመጣህም።»

ገጿን አወጣሁ። «አቶ ታረቀኝ የት እንዳረፉ የሚናገር ነው። ልጅዎ ሌላ ያውቃል።»

«እኔ ነኝ ያልሁት። እኔም ኢየሩሳሌምን አላየሁ። ስዊዝ ወደብ ካለ ሆስፒታል አወረዱኝ፣ አብረውን የነበሩት ሄዱ። ስድን ትንሣኤ አልፏል፤ በሌላ መርከብ ወደ ምጽዋ መለሱኝ። እዚህ ስደርስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለኝ። ካሳው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ሮጦ ቀሚሴን ይዞ ‹አባቴን የት ተውሽው?› አለኝ። አንዲት ፈረንጅ አስታማሚ በእጇ ውሃውን እያሳየች ነበር የነገረችኝ። እንደ ጥራጊ ወርውረውታል ብዬ ነው ያመንሁት። ይህን ለልጅ ምን ብዬ ልንገረው? ኢየሩሳሌም አልሁ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን መመለስ አቃተኝ።»

«እንደ ጥራጊ አልወረወሯቸውም» አልሁና አነበብሁላቸው።

«ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ሞተር ቆመ። የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ ታረቀኝ፣ የላሊበላ ሰው፣ በነጭ ጋቢ ተገንዞ ለባሕር ተሰጠ። ከመንገደኞቹ አንድ የሐበሻ ቄስ ጸሎት አደረሰ። ካፒቴኑና መኮንኖቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ሚስቱ በጽኑ ስለ ታመመች አልተነገራትም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጉዞ ቀጠለ።»

«ቄስ ይላል?»

«ቄስ ይላል።»

«ጋቢም ይላል?»

«ነጭ ጋቢ።»

«የእኔ ጋቢ ነው» አሉ፤ እንባቸው ወረደ። «ከጓዜ ውስጥ ባጣው እነዚያን መንገደኞች ሌቦች ስል ኖሬአለሁ። ለካ እሱን ሸፍነውበት ነው።»

ካሳው ጠበሉን ይዞ ሲመለስ ወረቀቱን እንድደብቅ አልነገሩኝም። ከጎናቸው አስቀመጡትና ፊት ለፊት እያዩት «ልጄ፣ አባትህ ኢየሩሳሌም አልደረሰም፤ እኔም አልደረስሁም» አሉት። ሁሉንም ነገሩት። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ የዞረው ወደ እኔ ነው።

«አንተ» አለኝ፤ እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ሲለኝ የነበረው። «ይህን ብጣሽ ወረቀት ይዘህ ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ የመጣኸው ቤቴን ለማፍረስ ነው?»

ቁልቁል ወርዶ ከዐይናችን ተሰወረ። እኔም ብቻዬን ወደ ከተማ ተመለስሁ፤ ያን ያህል የረዘመ የእግር መንገድ አላውቅም።

እሑድ፤ ላሊበላ

ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ያረፍሁበት ቡና ቤት ካሳው መጣ። ፊቱ እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል።

«ጋሼ ሠይፉ፣ ትናንት አፌ ስቷል፤ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መርከቧ ቆመች ነው የሚለው?»

«አዎ። ሞተር ቆመ ይላል።»

«ያን የሚያህል መርከብ ማቆም ቀላል ነው?»

እንግዲህ ይህ የእኔ ሙያ ነው። ያን የሚያህል ብረት እንደ በቅሎ ልጓም ተይዞ እንደማይቆም፣ እንፋሎቱ ቀድሞ መቀነስ እንዳለበት፣ ከታች ያለው ሠራተኛ ሁሉ በየቦታው እንደሚሰለፍ፣ የባከነችው ሩብ ሰዓት ለባለቤቶቹ ኪሳራ እንደሆነች አስረዳሁት።

«ይህ ሁሉ ለአባቴ? ለአንድ የላስታ ገበሬ?»

«ለአባትህ። በደህና ዘመኗ መርከቧ እንዲህ ነበረች። በኋላ በእኔ ጊዜ ሳሊም የሚባል የየመን ሰው አብሮኝ ይሠራ ነበር፤ የሞካ ልጅ ነው። በግ ስንጭን ታሞ ሞተ። ካፒቴኑ ፍጥነት እንኳ አልቀነሰም። ከኋላ በኩል በጆንያ ለቀቅነው። የአባትህን ገጽ ሳነብ የታየኝ እሱ ነው፤ ለዚህ ነው የቀደድኋት።»

ካሳው አሰበ። «ለሳሊም ቤተሰብ ነግረዋቸዋል?»

«አልነገርሁም።»

«ከአሰብ ሞካ ሩቅ ነው?»

«በሳንቡክ፣ በሸራ ጀልባ ማለቴ ነው፣ አንድ ቀን።»

ነጠላውን አጣፍቶ ተነሣና ወጣ።

ሰኞ፤ ጸሎቱና መመለሻዬ

በማግስቱ ጠዋት ካሳው ጎረቤቶቹን ሰበሰበና ነአኩቶ ለአብ ወጣን። ንፍሮና ጠላ በሰው አሸክሟል። ካህናቱ ለታረቀኝ ፍትሐት ሲቆሙ አንድ ሽማግሌ ቄስ «ያረፈው ኢየሩሳሌም አይደለም እንዴ፣ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?» ብለው ጠየቁ። ካሳው ሰው ሁሉ እየሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባቴ ያረፈው ባሕር ላይ ነው፣ አባ። ቄስ ጸልዮለታል፤ መርከቧም ቆማለታለች» አለ። ሕዝቡ ተንሾካሾከ። የሚስቱ አባት መሬት መሬት ያያሉ።

እማሆይ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔም ኢየሩሳሌምን አላየሁም። አታልያችኋለሁና ይቅር በሉኝ» አሉ።

ሽማግሌው ቄስ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ለመሳለም ወጥተው በመንገድ ከቀሩ፣ የወጡበትን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ይፍታችሁ» አሉና ጸሎቱን ጀመሩ። የሚስቱ አባት ጸሎቱ ሲያልቅ ሄደው ከካሳው አጠገብ ቆሙ። ንፍሮውን ሁላችንም ከአንድ ወጭት በላን።

ስሰናበታቸው እማሆይ ገጿ ከእነሱ ዘንድ እንድትቀር ፈለጉ፤ ለካሳው ሰጠሁት። እሱ ደግሞ አንድ ቅል የላስታ ነጭ ማር አሸከመኝ። ጋሸና፣ ወልድያ፣ ኮምቦልቻ፣ ሚሌ፤ በመጣሁበት መንገድ በአምስተኛው ቀን አሰብ ገባሁ። ባለቤቴ አስቴር ማሩን ቀምሳ «ታዲያ ደስ አላቸው?» አለችኝ።

«በመጨረሻ» አልኋት።

ይህ ጉዞ አንድ ነገር አስተምሮኛል። እውነት ይዞ የሚሄድ ሰው ከደስታ በፊት ቁጣውንም ለመቀበል ተዘጋጅቶ መሄድ አለበት። ለላስታዎቹ የያዝሁት እውነት ቄስና ጋቢ ነበረው። ለሳሊም ቤት የምወስደው ግን ጆንያ ብቻ ነው ያለው፤ እንደ ሆነው መንገር እንጂ ማስጌጥ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሳንቡኮቹ ወደብ ወረድሁ። አንድ ዐረብ ናኮዳ፣ የሳንቡክ አዛዥ፣ ሸራውን ይሰፋ ነበር።

«ወደ ሞካ መቼ ነው የምትነሣው?»

«ነፋሱ ከተስማማ ሐሙስ። ምን ትጭናለህ?»

«የምጭነው የለኝም» አልሁት። «የምነግራቸው ሰዎች አሉኝ።»