ቅቤ የተቀባው ቦኮላ

የሐዋሳው ቤቴ የግቢ በር ሲጥጥ ባለ ቁጥር ቅቤና ናፍጣ ይሸተኛል፣ ልቤም እንደ ልጅነቴ አላርፍ ይለኛል።

አባቴ የውሃ ሞተረኛ ነበር፤ የምንኖረውም ከነገሌ ወጣ ብሎ፣ ከብት ከሚጠጣበት የጉድጓድ ውሃ አጠገብ ነበር። ዝናቡ ጥሎ ኩሬው ሲሞላ ፓምፑ ያርፋል፣ አባቴም ፈታትቶ ቦኮላዎቹን በጨርቅ እየጠረገ ያሳየኝ ነበር። ቦኮላ ማለት የሚወዛወዘው ብረትና ዘንጉ እንዳይበላሉ በመሃላቸው የሚገባ የነሐስ ቀለበት ነው። «የሱ ሥራ ማለቅ ነው» ይለኝ ነበር፣ «እሱ ካላለቀ ዘንጉ ያልቃል።»

ቦና፣ ማለትም ደረቁ ወራት፣ ሲገባ ግን ከብቱ ከየአቅጣጫው ይተማል፣ ፓምፑም ከንጋት እስከ ምሽት ይሠራል። አንድ ዓመት ትልቁ ቦኮላ መጮህ ጀመረ። አባቴ ጆሮውን ደቅኖ ያዳምጥና፣ ከባሰበት ክብረ መንግሥት ቶርኖ ቤት ሄጄ አዲስ ላስቀርጽ ነው ይል ነበር። መንገዱ በዚያን ጊዜ ሰላም አልነበረም፣ ወጥተው የቀሩ ሰዎች እናውቅ ነበር። ስለዚህ ያ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ምግብ አይበላልኝም፣ ቁጭ ብዬ መልሼ እነሳለሁ፣ አባቴን ከዓይኔ ማጣት እፈራ ነበር።

ጎረቤታችን አዴ ሎኮ የቦረና እናት ነበሩ፤ አራስም ሆነ ሙሽራ፣ ሰላም የሚመኙለትን ሁሉ «ናጋ» እያሉ ቅቤ ይቀቡ ነበር። እኔም አባቴ ምሳ ሲበላ ከቅቤ ዕቃቸው በሁለት ጣቴ ዝቄ፣ «ናጋ፣ ናጋ» እያልኩ ቦኮላውን ቀባሁት። ጩኸቱ ጠፋ። ጮቤ ረገጥኩ፤ በየቀኑም እየሰረቅሁ መቀባቴን ቀጠልኩ። ለካ ከብቱ የሚያስነሳው አቧራ ቅቤው ላይ እየተጣበቀ ነሐሱን እንደ ሞረድ ይበላው ኖሯል፤ በአምስተኛው ቀን ፓምፑ ቀጥ አለ።

ከብቱ ተጠምቶ ይጮሃል፣ ሰዉ ተሰብስቧል። አባቴ ቦኮላውን አወጣና አሸተተው።

«ቅቤ የቀባው ማነው?»

ቅቤ የነካ ጣቴን ከኋላዬ ደበቅሁ። አዴ ሎኮ አየት አደረጉኝና ወደ ፊት ወጡ።

«አና» አሉ በቋንቋቸው፣ «እኔ ነኝ። ለናጋ ብዬ ነው።»

አባቴ «ይሁን፣ እናቴ» አለና ያንኑ ዕለት በጭነት መኪና ሄደ። እንግዲህ የፈራሁት በገዛ እጄ መጣ። በሄደ በሳምንቱ ጥጃ በውሃ ጥም የሞተበት ሁሉ አዴ ሎኮን ሰላምታ ነፈጋቸው፣ እሳቸው ግን ትንፍሽ አላሉም፤ እኔም ጥፋቴን ሳልናገር ቀረሁ። በዘጠነኛው ቀን አባቴ አዲሱን ቦኮላ በጨርቅ ጠቅልሎ ተመለሰ፣ ፓምፑም ያለ ድምፅ ሠራ። የሰዉ ፊት ለአዴ ሎኮ የተፈታው ግን ዝናቡ ከጣለ በኋላ ነው።

ካደግሁ በኋላ፣ አባቴ በታመመ ጊዜ፣ እውነቱን ነገርኩት። ፈገግ አለ።

«ቅቤው ላይ የነበረው የጣት ምልክት የልጅ ነበር» አለኝ።

አሁን ቦኮላ በየመለዋወጫ ሱቁ ሞልቷል። ልጄ ለበሩ ግሪስ ልግዛ ባለ ቁጥር ዛሬ ነገ እለዋለሁ። አዴ ሎኮ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አርፈዋል። ያኔ ሳጠፋ «አና» የሚልልኝ ሰው ነበረኝ፤ ዛሬ ግን፣ የጎረቤቴ ልጅ እንዲያ ቢያጠፋ፣ እኔ ወደ ፊት እንደምወጣ እርግጠኛ አይደለሁም።