በውሃው በኩል ዘብ የቆመው ቢያዝን

ኢንጂነር ሔራን ወደ ጀልባ ማቆሚያው የመጣች ዕለት ቢያዝን የጀልባውን ዘይት እየቀየረ ነበር። ልጅቱ ከአዲስ አበባ የተላከች ናት። ሐይቁ ዳር ያለውን አሮጌ ባለ ስድስት ፎቅ ሆቴል በድማሚት ለማፍረስ ከመጡት ባለሙያዎች መካከል የሰዉ ደኅንነት ኃላፊነት የተጣለው በእሷ ላይ ነው። ሰሞኑን ከቤት ቤት እየዞረች ሕንፃው በሚፈርስበት ጠዋት ማን ወዴት እንደሚሄድ፣ ከብቱ የት እንደሚታሰር፣ መስኮቱ ለምን እንደሚዘጋ ስታስረዳ ስለሰነበተች የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለምዷታል።

«ጋሽ ቢያዝን፣ የብሱን ፖሊሶች ይይዙልኛል። ውሃውን ማን ይያዝልኝ?» አለችው።

«ውሃውን ምን አገኘው? ወደ ሐይቁ አይወድቅም ብላችሁ የለም እንዴ?»

«አይወድቅም፤ ባለበት ነው የሚቀመጠው። ፍንጣሪው ግን ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይምልልዎትም። አቧራውም ቀዛፊ ላይ ከወረደ መሄጃውን ያሳጣዋል። በዚያ ሰዓት እዚህ ፊት ለፊት አንድም ሰው ውሃ ላይ መኖር የለበትም።»

ቢያዝን ነገሩን ያጋነነችው መሰለው፤ ቢሆንም እሺ አላት። እሺ ያለበትን ምክንያት ግን ለራሱ ያዘው። ያ ቤት ሲወድቅ በሰው መሀል እየተጋፋ ማየት አልፈለገም።

ከእንፍራንዝ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ጢሙ እንኳ ገና አላቀመቀመም ነበር። ሆቴሉ መጀመሪያ አትክልት አጠጪ አድርጎ ቀጠረው። ከዚያ እንግዶችን ወደ ገዳማቱ በሚያመላልሰው ጀልባ ላይ ረዳት ሆነ፤ ቆየት ብሎ መሪውን ያዘ። የሺመቤትን ያያት ከውሃው ላይ ነው። ከማክሰኝት መጥታ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የገባች ልጅ ነበረች፤ የእንግዶቹን አንሶላ ጣራው ላይ ታሰጣለች። ቢያዝን ከደሴት ሲመለስ በነጫጮቹ አንሶላዎች መሀል ብቅ ጥልቅ ስትል ያያታል። ስሟን ሳያውቅ አረማመዷን ለየው። አንድ ቀን ነፋስ የትራስ ልብስ ነጥቋት ሐይቁ ላይ ጣለባት። ቢያዝን አሳድዶ ያዘውና ጭቃ በጭቃ አድርጎ ይዞላት ሄደ።

«ይኼማ ከማጠቤም በፊት እንዲህ አልቆሸሸም!» ብላ ሳቀችበት። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር።

ሲጋቡ ሥራ አስኪያጁ ትልቁን አዳራሽ ፈቀደላቸው። ከወለጋም፣ ከሸዋም፣ ከጎጃምም የመጣ ሠራተኛ በየአገሩ ጨዋታ ወለሉን ሲያናውጠው አደረ። ወጥ ቤቱ፣ አስተናጋጁ፣ ዘበኛው ሁሉ እንደ ዘመድ ሆነው ልጆቻቸውን ክርስትና አነሡላቸው። በኋላ የሕንፃው መሠረት ውሃ እየጠጣ ግድግዳው ተሰነጠቀና ሆቴሉ ተዘጋ። ሠራተኛውም ተበተነ። ቢያዝን ከጀልባ ነጂዎች ማኅበር ገባ፤ የሺመቤት ቤቷን ይዛ ቀረች።

በተባለው ጠዋት የሺመቤት ዶሮዎቿን በቅርጫት ይዛ ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሄደች። ቢያዝን መገናኛ ሬዲዮና ቀይ ጨርቅ ተሰጥቶት ጀልባውን ከዳሩ ራቅ አድርጎ አቆመ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ተነፋ።

ይኼኔ በውሃው ዳር ከበቀለው የደንገል ሣር ጥግ አንዲት ታንኳ ብቅ አለች። ቀዛፊው ገድሉ የሚባል የደሴት ሰው ነው፤ ከፊቱ አባ ገብረ ኪዳን የተባሉ መነኩሴ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ከደሴት የሚመጡት አልፎ አልፎ ነውና የከተማውን አዋጅ አልሰሙም። ታንኳዋ በቀጥታ ወደ ሕንፃው ታመራለች። ቢያዝን ቀዩን ጨርቅ አውለበለበ። ገድሉ ሰላምታ መስሎት እጁን አንሥቶ መለሰለት።

«ሔራን! ታንኳ ገብቷል! አቁሚ!» ብሎ ቢያዝን በሬዲዮው ጮኸ።

«ቆሟል ጋሽ ቢያዝን። ሁሉም ነገር ቆሟል። ረጋ ብለው ያውጧቸው።»

ሞተሩን አስነሥቶ ደረሰባቸው፤ ገመድ ወረወረላቸው። በፍጥነት ቢጎትታት ጀልባው የሚያስነሣው ማዕበል ታንኳዋን ይገለብጣታልና በዝግታ መሄድ ነበረበት። ከዳር የሕዝቡ ፉጨት ይሰማል። በሬዲዮው ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ «ሰው ሰለቸ እኮ፤ ወጥተዋል ማለት ይቻላል» አለ።

«ወጡ እስኪሉኝ ድረስ አልወጡም» አለች ሔራን።

ቢያዝን ይህን ሲሰማ ታጋንናለች ብሎ ስለ ልጅቱ ያሰበውን በልቡ መልሶ ዋጠው። ታንኳዋን ከደንገሉ ጀርባ አስጠግቶ «ወጥተናል፤ ውሃው ባዶ ነው» ብሎ ነገራት።

«አባቴ ይፍቱኝ» አለ ከዚያ፣ ወደ መነኩሴው ጎንበስ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ምን መጣ ልጄ?»

«ሆቴሉን ሊያፈርሱት ነው።»

«ያንን አንሶላ የሚሰጣበትን?»

ቢያዝን ቀና ብሎ አያቸው። «ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው! እኛ ተማሪዎች ሳለን ከውሃው ላይ ሆነን ያ ሁሉ ነጭ ሲውለበለብ እናይና፣ ዛሬ ደግሞ የማን በዓል ነው እንባባል ነበር። የኔታ ናቸው አንሶላ መሆኑን የነገሩን፤ እኔ ግን ለብዙ ጊዜ አላመንሁም።»

«የምታሰጣው ባለቤቴ ነበረች» አለ ቢያዝን።

«እንግዲያስ ብዙ በዓል አክብራልናለች» አሉ አባ።

ሁለተኛው ጡሩምባ ተነፋ፤ ሦስተኛው ተከተለ። ሕንፃው መጀመሪያ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር። ከዚያ ከወገቡ ሸብረክ አለ፤ ፎቆቹም አንዱ በአንዱ ላይ ተቀመጡ። የመውደቁ ድምፅ የደረሳቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ የጀልባውን ወለል አንቀጠቀጠው። የሐይቁ ወፎች በአንድነት ተነሡ። አቧራው ዳሩን ሸፍኖ ውሃው ላይ ተንከባለለ፤ ታንኳዋ ልትሻገርበት የነበረው ቦታ ጨርሶ ጠፋ። አባ አማተቡ። ገድሉ መቅዘፊያውን ታቅፎ አፉን ከፍቶ ቀረ።

አየሩ ሲጠራ ቢያዝን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ሔራን የእያንዳንዱን ሰፈር ሰው እየጠየቀች ጨርሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃለች።

«ማንም አልተጎዳም፤ አንድ ሰው እንኳ» አለችው። ፊቷ የልጅ ፊት መሰለ።

የሺመቤት ቅርጫቷን እግሯ ሥር አድርጋ ቆማለች።

«አየኸው?»

«አየሁት። አንቺስ?»

«ፊቴን አዙሬ ቆምሁ። ድምፁ በቃኝ።»

ዶሮዎቹን እሱ ተሸከመላትና ወደ ቤት ሄዱ።

በሳምንቱ ቢያዝን ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎብኚዎችን ከደሴት ይዞ ሲመለስ ከወትሮው የተለየ ነገር አላደረገም። ነገር ግን ከማቆሚያው ርቆ በሌላ ዳር ፊት ለፊት ራሱን አገኘው። ስንት ዘመን ሲመለስ ጀልባውን የሚያቀናው በፈረሰው ሕንፃ ማዕዘን ኖሯል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ እሱም አላወቀውም። ጎብኚዎቹ ፎቶ ያነሣሉ፤ መሳሳቱን ማንም አላስተዋለም። ሞተሩን ቀነስ አድርጎ ከተማዋን እንደ እንግዳ ቃኛት። ከዛፎቹ በላይ የጊዮርጊስን ጉልላት አገኘና በዚያ ልክ መሪውን ቀስ አድርጎ አዞረ።