ባለመብራቱ ፍየልና የእህቴ ዐረብኛ

ባለፈው ሰሞን ከፍኖተ ሰላም ገበያ በባጃጅ ስመለስ፣ ከሹፌሩ ስልክ ድንገት ያ ዜማ ወጣ። የልጅነቴ ካርቱን መክፈቻ ነበር፤ ግን አዘግመው፣ ሙሾ አስመስለውታል። «ምንድን ነው እሱ?» አልሁት። «አዲስ ፊልም ነው፣ ከድሮ ካርቱን ወስደው በእውነተኛ ሰው የሠሩት» አለኝ። እስኪ አሁን ምን አገባቸው! ካርቱን ሆኖ ቢቀር ማንን ጎዳ?

ነገሩ የሚጀምረው ሰባት ዓመቴ ሳለ ነው። አባታችን የግብርና ባለሙያ ስለነበሩ ሳምንቱን በየገጠሩ ሲዞሩ ይሰነብቱ ነበር፤ ሐምሌ ላይ እናታችን ታማ ባሕር ዳር ሆስፒታል ስትተኛ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ በዝናብ ከቤት እንዳንወጣ ብለው ዲሽ አስገቡልን። ዲሹ የሚስበው ዐረብኛ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አንዲት ልጅ በቀንዶቹ ላይ መብራት የሚበራለት ትልቅ ሰማያዊ ፍየል ተከትላ አገር ላገር ስትዞር እናይ ነበር። ምን እንደምትል ግን ማን ይወቅ?

እህቴ አንችናሉ ታውቅ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች አክስታችን ዐረብኛ አስተምራኛለች ትል ነበርና፣ እኛም እንደ ወንጌል እናምናት ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቱ አንድ ቃል ስትናገር እሷ አሥር ቃል እየተረጎመች፣ ፍየሉን «አባ መቅረዝ» ብላ ስም አውጥታለት፣ ልጅቱ የምትፈልገው የጠፋች እናቷን ነው አለችን። «ምን አለች፣ እታለም?» ስንላት «‹እናቴን አያችኋት ወይ?› አለች» ትለን ነበር። አንድ ባለቀይ ዓይን ጭራቅ ብቅ ብሎ ሲያጓራባት እንኳ «‹እናትሽ በዚህ አልፋለች› እያላት ነው» ትል ነበር። እኛም «እማዬ መቼ ነው የምትመጣ?» ብለን በጨቀጨቅናት ቁጥር «እስኪ የቅዳሜውን እንይ» ብላ ታባብለን ነበርና፣ የልጅቱ እናት ስትገኝ የእኛም ትመጣለች ብዬ ደመደምሁ።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው መድረቅ ሲጀምር፣ በአንዱ ቅዳሜ ሰፈራችን ጭር አለ። ጎረቤቶቻችን ጥቁር ለብሰው በመኪና ተጭነው ወደ ደምበጫ፣ ወደ እናታችን አገር ሄዱ። «ለቅሶ ነው» አለችን እህቴ። የማን ብለን አልጠየቅንም፤ ለቅሶ መች ጠፍቶ ያውቃል? ያን ዕለት ቴሌቪዥኑን ጆሯችን እስኪደነቁር ከፍታ፣ በሩን ዘግታ፣ አጠገባችን ተቀመጠች። በመጨረሻ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት መጣች፤ ልጅቱም ሮጣ እጇን ይዛ ታለቅስ ጀመር። «እናቷ ናት! አገኘቻት!» ብላ እህቴ ስትጮህ፣ እኔና ወንድሜ አልጋው ላይ ወጥተን ዘለልን።

ማክሰኞ ማለዳ አባታችን ከሽማግሌዎች ጋር ገቡና እናታችን መሞቷን ነገሩን።

ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ዘልዬ የያዝሁት እህቴን ነው። «ውሸታም! ተገኘች አላልሽም?» እያልሁ ክንዷን ነከስኋት። በጋውን ሙሉ ስታጥበኝ ፊቴን አዞርባት፣ ስታጎርሰኝ ጥርሴን እነክስባት ነበር። ካደግሁም በኋላ፣ ስቀንም ተጫውተንም፣ ያ ቂም ከሆዴ አልወጣም። ሰው እንዴት በሕፃን ተስፋ ይጫወታል?

እንግዲህ ያን ፊልም በፍላሽ አስጭኜ ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ቡሬ ሄድሁ። እህቴ እዚያ ልብስ እየሰፋች አንዲት ልጅ ታሳድጋለች። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔም ዛሬ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝና አስተርጓሚ አያሻኝም፤ ያችን እናት ሥጋ ለባሽ ሰው ሆና ላያት፣ ቃሏን በጆሮዬ ልሰማ ጓጉቼ ነበር። ምን ያደርጋል! ፍየሉን በኮምፒውተር ሠርተውት የረጠበ ጆንያ መስሏል፤ ሰማያዊነቱ የት እንደ ገባ እንጃ፣ አመድማ ሆኗል። አገሩ ሁሉ ጨለማ፣ ሰዉ ሁሉ ኩርፊያ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ልጅቱ የምትፈልገው ወርቅ ነው! ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዴ እንኳ «እናቴ» አትልም። ነጭ ለባሿ ሴት ስትመጣ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ ለካ የፍየሉ ባለቤት ኖራለች! ፍየሏን ልትወስድ ነው የመጣችው፤ ልጅቱም እጇን ይዛ የምታለቅሰው አትውሰጅብኝ ብላ ስትለምን ነው።

«ቅጥ ያጣ ፊልም! እናቷን የት ጣሏት?» ብዬ ጮህሁ።

እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «የጣላት የለም። እኔ ነኝ የጨመርኋት» አለችኝ። «እኔ ዐረብኛ ከየት አባቴ አመጣለሁ? ከሰላምታ በቀር አክስቴ ያስተማረችኝ የለ።»

«እሽ፣ ጨመርሻት። ተገኘች ማለትን ምን አመጣው?»

«አንች ደግሞ! ያን ቀን እኮ እማዬ እየተቀበረች ነበር።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አባዬ ‹እኔ መጥቼ እስክነግራቸው አንዳች እንዳይሰሙ፣ አንች ይዘሻቸው ቆይ› አሉኝ። በመንገድ የሚያልፈውን ለቀስተኛ እንዳትሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ያች ሴትዮ ስትመጣ ጊዜ... ምን ልበልሽ፣ መጥታ ብታቅፈኝ ብዬ እኔም ተመኘሁ።»

ለካ የእናቷን አፈር ሳታለብስ የቀረችው እኛን ስትጠብቅ ኖሯል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት እሷ ላይ ጥርሴን ነክሼ፣ አሁን ደግሞ አንድ ፊልም ላይ እጮሃለሁ። ተናደድሁ፤ በማን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ያኔ የተናደድሁት የልጅቱ እናት በመገኘቷ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከመጀመሪያውም ባለመኖሯ።

እህቴ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ዛሬ ልጇ አሥራ አራት ሞልቷታል፤ ፊልሙ ሰልችቷት ከእናቷ አጠገብ ጋደም ብላ አሸልባ ኖሮ፣ በእኔ ጩኸት ነቅታ ዓይኗን እያሸች «እማዬ፣ ቻርጀሬን የት አደረግሽብኝ?» አለቻት። እህቴም የያዘችውን ጨርቅ አስቀምጣ ልትፈልግላት ተነሣች።