ጋሽ ይመርን መምታት

ዛሬ ካራቴ ልጀምር ሄጄ፣ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ጋሽ ይመር ቡጢ አቅምሰውኛል።

እዚሁ መካነ ሰላም የተመዘገብን አዲሶች ሁለት ሁለት ሆነን ስንቆም ለእኔ የደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ስኳር ስላለባቸው ሐኪም "ይንቀሳቀሱ" ብሏቸው ነው የመጡት።

መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ግድ ነው። እሳቸው ጎንበስ ሲሉ እኔ ከእሳቸው በታች ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ደግሞ "ኧረ በአላህ ቀና በል" እያሉ ጭራሽ ዝቅ አሉ። መሬት ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አሰልጣኟ "አንዴ ይበቃል" አለችን።

ከዚያ "ምታ" አለችኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩ" አልኩ።

"ኧረ አንተ ጀምር ልጄ።"

"እርስዎ እያሉማ አይሆንም።"

አሰልጣኟ መሃላችን ገባች። "አንተ ካልመታሃቸው እሳቸው መከላከሉን ከማን ይማሩ? እዚህ ማክበር ማለት በደንብ መምታት ነው" አለችኝ።

እኔ ነገሩን ሳሰላስል ጋሽ ይመር ቀድመው ተረድተውት ኖሯል። ሆዴን ይዤ ቁጭ ስል "አፉ በለኝ ልጄ፣ አክብሬህ ነው" አሉኝ።

ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይሉኝታችሁን ከጫማችሁ ጋር በር ላይ አውልቁት። እኔ ጫማዬን ብቻ ነበር ያወለቅኩት።

ስንወጣ በሩ ላይ እንደ ልማዴ "ይቅደሙ ጋሼ" አልኳቸው።

ቡጢያቸውን ጨበጡ። ቀድሜ ወጣሁ።

እናንተስ፣ ይሉኝታ ይዟችሁ ቆማችሁ የተመታችሁት በማን ነው?