ባሕሩ ዛሬ ምን መሰለ?

በ2015 ዓ.ም. ጋሼ ሲሞት እኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። ጭሮ ተወልዶ ሚኤሶ ኖረ፤ ባሕር ሠዓሊ ነበር፣ ባሕር ግን በዓይኑ አላየም። የሻይ ቤታችንን ግድግዳ ሙሉ ባሕር ሥሎ፣ ከጅቡቲ የመጣውን ሾፌር ሁሉ ገና ሳይቀመጥ "ባሕሩ ዛሬ ምን መሰለ?" ይለዋል። አመዳማ ነው ካሉት አመዳማ፣ አረንጓዴ ነው ካሉት አረንጓዴ ይቀባዋል። ግድግዳው ደርቆ አያውቅም።

እኔ እናደድ ነበር።

"አንድ ቀን መኪና ላይ ወጥተህ አታየውም? ሰው ይስቅብናል!"

"ካየሁትማ አንድ ባሕር ብቻ ነው የሚኖረኝ" አለኝ። "አሁን ስንት አለኝ!"

የሰነፍ ወሬ ነው ብዬ አንድ ወር አኮረፍኩት።

የቀበርነው ዕለት አንድ ሾፌር መሞቱን ሳይሰማ ድንኳኑ ፊት ቆመና "ጋሼ የት አሉ? ወላሂ፣ ዛሬ እሳቸው ቀብተውት የማያውቁትን ባሕር ነው ያየሁት!" አለ። ነገሩት። አፉን ይዞ፣ ቀለሙን ሳይናገር ሄደ። ምን ዓይነት ቀለም ይሆን? ሐዘኑ ሳያንሰኝ ይሄ ነገር ያዘኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ምን ይለኛል ሳልል ሻይ ቤቱን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ሾፌር ሰላም እንኳ ሳልለው ባሕሩ ምን እንደመሰለ ጠየቅሁት።